ሐጂ ኑሩ ያዩት ሁሉ ይበላል?

ከኖኅ መርከብ የወረደው እንስሳ ባሕር መሀል ያለ ደሴት ላይ በምን ደረሰ? ይህች ጥያቄ ዳዊት መድገም ከጀመርኩ አንስቶ አብራኝ አድጋለች። በልጅነቴ አባቴን ብጠይቃቸው፣ «ዋኝቶ» አሉኝ። «ጦጣ ይዋኛል እንዴ አባዬ?» ብል፣ «አርፈሽ ዳዊትሽን ድገሚ!» አሉ። ደገምኩ። ጥያቄዋ ግን አልወጣችልኝም።

እንግዳ አክባሪዎች ነን ይባላል፤ እውነት ነው። እንግዳውን እናስገባለን፣ እግሩን እናጥባለን፣ ከሰው በላይ እናስቀምጠዋለን። ወሬውን መስማት ላይ ነው የምንሰንፈው። አገር ቆርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው አፉን ሲከፍት፣ ጉርሻ እናስገባበትና የራሳችንን ወሬ እንቀጥላለን።

ሐጂ ኑሩ ከእኛ ከአንኮበር ገደል ሥር፣ ቆላ ያለችው የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። አባቴ የደብራችን ገበዝ ስለሆኑ፣ ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሐጅ እንደወጡ ቀሩ። ሞቱ ተብሎም ተለቀሰላቸው። ለካ ጂዳ ላይ ከህንድም ወዲያ ካሉት ከጃዋ ደሴቶች ከመጡ ሐጃጆች ጋር ተወዳጅተው፣ ተከትለዋቸው በመርከብ ሄደው ኖሯል! ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ወሬ ጠምቷታልና፣ ሐጂ በድንገት ከነበቅሏቸው ከች ሲሉ የደስታችን ነገር አይነሳ። ችግሩ፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ ዘይላ ወደብ ሊወርዱ ነው። ደሴት ረግጦ የተመለሰ ሰው ሌላ ከየት አገኛለሁ? ዛሬ ካልጠየቅኩ መቼም አልጠይቅ።

እኔ ጓዳ ከመጋረጃው ኋላ እንዝርቴን ይዤ አደፍጣለሁ። አዳራሹ ውስጥ አባቴና ጎረቤታችን መሪጌታ ሐጂን መሀል አስገብተዋቸዋል።

«ወላሂ፣» አሉ ሐጂ፣ «እዚያ አገር ሰው የሚያህል ቀይ ጸጉራም ዝንጀሮ፣ ዛፍ ላይ አልጋውን አንጥፎ ይተኛል!»

«ይበላል?» አሉ አባቴ።

«ኧረ አይበላም!»

«አያመሰኳማ» አሉ መሪጌታ፤ የዝንጀሮው ነገር በዚሁ ተዘጋ። አልጋ የሚያነጥፍ ዝንጀሮ!

ሐጂ ውሻ የሚያህል የሌሊት ወፍ አመጡ። በኦሪት ተከልክሏል ተባለ። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሸርጣን አመጡ። ከውሃ ነው ከየብስ፣ ለጾም ይሆናል አይሆንም፣ ክንፍና ቅርፊት አለው የለውም እየተባለ፣ እኔ አንድ እንዝርት ፈትዬ ጨረስኩ። ይባስ ብሎ ሐጂም «በእኛም ዑለማዎቹ አልተስማሙበትም» ብለው ክርክሩ ውስጥ ገቡ። እናንተው ፍረዱ።

በመጨረሻ ጥንቸል የምታህል፣ ቀንድ የሌላት ሚዳቋ መጣች።

«ታመሰኳለች?»

«ታመሰኳለች።»

«ሰኮናዋስ ስንጥቅ ነው?»

«ስንጥቅ ነው።»

«እሰይ!» አሉ መሪጌታ፤ ወዲያው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ማን አረዳት?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያውስ የእስላም ሥጋ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ መሪጌታ፤ ይሂዱና ራስዎ ይረዷት!»

ሳቁ ሳያበቃ ሐጂ ለመሄድ ተነሱ። በሩ ላይ ደርሰው፣ እንደ ዋዛ፣ «የሚገርመው፣ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው መሻገር ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ያቺ ሚዳቋ ግን ማዶ የለችም። ወፉም ሌላ ነው» አሉ።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ብቻ መጋረጃው ከኋላዬ ነበር።

«ሐጂ! ወደ ደሴቱ ማን አሻገራት? ወደ ማዶስ እንዳትሄድ ማን ከለከላት?»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አባቴ።

ሐጂ ጺማቸውን እያሻሹ ከበሩ መለስ አሉ። «አላህ ያውቃል፣ የኔ ልጅ። እኔ የሄድኩት ቅርንፉድ ልገዛ ነው፤ እንዲህ ብዬም አልጠየቅኩ። ግን አንቺው ንገሪኝ፤ ይህ ገደላችሁ ላይ የሞላው ጭላዳ ዝንጀሮ አሊዩ አምባ ወርዶ ታይቶ ያውቃል? መንገዱ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ማን ከለከለው?»

እስከዛሬ ከገደሉ አፋፍ ስኖር፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቆላውን እንደ ባሕር ሞልቶት ተራሮቹ እንደ ደሴት አናታቸውን ብቻ ብቅ ሲያደርጉ እያየሁ፣ ዓይኔ የባሕር ማዶ ደሴት ይናፍቅ ነበር። ተናደድኩ። በአባቴም፣ በመሪጌታም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ።

ስለዚህ ወሰንኩ። በየገበያው ቀን እናቴን ተከትዬ አሊዩ አምባ እወርዳለሁ። በየመንገዱ እየቆምኩ የትኛው ወፍ እስከ የት ድረስ እንደሚከተለን፣ የትኛው የት ላይ እንደሚቀር፣ በምትኩ ማን እንደሚቀበለን፣ በብራናዬ እጽፋለሁ። የሚበላውንና የማይበላውን ግን አልጽፍም። እሱን የሚያውቅ ሞልቷል።