ብቅሉን በባትሪ የተካው ሰይድ

አፍ የተናገረው የማይበቃቸው፣ የሰው ሆድ ካልፈተሹ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኛ መካነ ሰላም ውስጥ ሰይድ አለልን። ሌላው ከዐረብ አገር ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲመጣ፣ እሱ ሐሳብ የሚያነብ መሣሪያ ይዞ ከች አለ። ጭንቅላት ላይ ሲደፉት የውስጥን ጮክ ብሎ ይናገራል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባል የለ? ሰይድ ጠላ አይነካምና ብቅሉን በባትሪ ተካው።

አንድ ቀን የደም እርቅ ሆነ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ጋሽ እንድሪስ እግር ላይ ወደቀ።

«ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሽማግሎቹ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሰይድ ግን «ከልብዎ መሆኑ ይጣራ!» ብሎ መሣሪያውን ደፋባቸው።

«እገድለዋለሁ» አለ መሣሪያው።

ከሽማግሎቹ አንዱ አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ ይኼንንማ እኛም አላጣነውም። አፋቸው ቀድሞ ቢታረቅ፣ ልባቸው ቀስ ብሎ ይከተል ነበር።»

አገር የሰማውን ዛቻ መዋጥ ደግሞ ውርደት ነው። በሳምንቱ ገዳዩን ቀበርነው።

ሰይድ አፈር እየመለሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አየህ? መሣሪያዬ አይዋሽም።»