ሰው የሚያጣምሩት አለቃችን
ሰውን እንደ በሬ የሚያጣምር አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እዚሁ ሐይቅ ከተማ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ። ጋሽ ይመር የአምባሰል ገበሬ ልጅ ናቸውና፣ «ወይፈን የሚገራው ከለመደ በሬ ጋር ሲጠመድ ነው» ብለው አዲሷን ተቀጣሪ ሐያትን ከመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘምዘም ጋር አጣመሯት። ሥራ እንዲያስለምዷት መሆኑ ነው።

እትዬ ዘምዘም በቀን ከሦስት ቃል በላይ አይወጣቸውም። ሐያት ደግሞ ሰው ብታጣ የሐይቁን ዓሣ ታናግራለች። «ወላሂ፣ ሳምንት ሳይሞላ አንዳቸው ሥራ ይለቃሉ» ብዬ ለቢሮው ሁሉ ተነበይኩ። የእኔን ትንቢት ደግሞ ማን ይጠራጠራል?

በወሩ ፋይል ፈልጌ መዝገብ ቤት ገባሁ። ሐያት ትንፍሽ ሳትል በጣቷ ሦስተኛውን መደርደሪያ አሳየችኝ። ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሏል! እትዬ ዘምዘም ግን፣ «አማን ነህ የኔ ዓለም? ልጆችህስ? ምነው ከሳህብኝ?» እያሉ እስከ በር ሸኙኝ።

እያፈርኩ አለቃችን ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እኔንስ ከማን ጋር ያጣምሩኛል?»

መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉ። «ያንተስ ነገር ቸገረን፤ ዳር ቆሞ የሚተነብይ ሌላ በሬ ከየት ይምጣ?»