የአቶ ዳምጤ ፐርሰንት

ለኪ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሌላው ሲሠራ እሱ ይለካል። ጋምቤላ ክልል ከተባለች አሥር ዓመት ባለፋት ጊዜ፣ በአንድ የክልል ቢሮ ለዚህ ማዕረግ የተቀቡት ክቡር አቶ ዳምጤ ነበሩ፤ የኮምፒውተር ባለሙያው። "ያልተለካ አይታወቅም" ይላሉ፤ ሲገቡም ሲወጡም።

አኬሎ እኚህን ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል። የአቦቦ ወረዳ ሕፃናትን የክትባት መዝገብ ስም በስም የምታስገባው እሷ ናት፤ የምትሠራበት ኮምፒውተር ደግሞ ከቢሮው ሁሉ ያረጀው ነው።

አንድ ቀን አቶ ዳምጤ "ላይብረሪ አስገባሁ" አሉ። ሰው መጽሐፍ ጠበቀ።

"መጽሐፍ አይደለም!" ብለው ተቆጡ። "ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚሠሩበት ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም ይሁን ሊነክስ፣ ማሽኑን 'ሥራ በዝቶብሃል? ሚሞሪህ ሞልቷል? ዲስክህስ?' እያለ ይጠይቃል። ገበያ ላይ አኝዋኩም ኑዌሩም በአማርኛ እንደሚገናኘው ሁሉ፣ የማሽኑን ሁሉ መልስ በአንድ ቋንቋ ያመጣልኛል።"

አመጣላቸው። ሦስት ወር ያህል ከለኩ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ የመጨረሻው መስመር "አኬሎ፦ ዲስክ 96 ፐርሰንት" ይላል።

"አኬሎ፣ ሞልተሻል አሉ!" አላት ዘበኛው ኦጆት።

ወረቀቱን ቦጫጨቀችው። በማግስቱ 97 ብለው ለጠፉ።

"አቶ ዳምጤ፣ የሞላው ማሽኑ ነው እኔ?"

"ቁጥር አይዋሽም።"

"ቁጥር ልጅ አይከትብም!"

ብስጭቷ አልበርድ ሲል የኔትወርክ ገመዱን ነቀለችው። አቶ ዳምጤ ሰው የሞተባቸው ይመስል እየሮጡ መጡ፦ "ማሽንሽ ዝም አለኝ!" በሩን በላያቸው ዘጋችው።

ገመዱ በተነቀለ በአራተኛው ቀን የአኬሎ ማሽን ሞተ። የክትባት ዘመቻው ሊጀመር አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለተኛ ዙር የሚከተቡት ልጆች ስም እዚያው ውስጥ ነው። ኃላፊው ሁለቱንም አስጠሩ።

"ጥፋቱ የአኬሎ ነው። ማስጠንቀቂያ ይጻፍባት" አሉ ኃላፊው።

አቶ ዳምጤ ግን አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

"የሦስት ወር ቁጥር ነው! ማሽኑ ይቀየር ብዬ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አራቱም እርስዎ ዘንድ ተኝተዋል። ማስጠንቀቂያ የሚጻፍ ከሆነ በማን ላይ እንደሆነ ያንብቡት!"

ኃላፊው ፋይሉን አልከፈቱም። ስለ ማስጠንቀቂያውም ዳግም አላነሡም።

ከቢሮው ሲወጡ አቶ ዳምጤ፣ ዲስኩ ዘጠና ከደረሰ ጀምሮ መዝገቡን ማታ ማታ በገመዱ ወደ ራሳቸው ማሽን ሲገለብጡ እንደነበር ነገሯት።

"ገመዱን ከነቀልሽ ወዲህ ያለው ግን የለም" አሉ። "ከመዝገቡ አራት ፐርሰንት ጠፍቷል።"

አኬሎ ማንን እንደምትሰድብ ቸገራት። ሁለቱም አቦቦ ወርደው፣ ከጤና ኬላው ካርዶች ላይ የአራቱን ቀን ስሞች እንደገና ጻፉ፤ እሳቸው እያነበቡ፣ እሷ እያስገባች፣ በየመሐሉ እየተጨቃጨቁ። ዘመቻው በቀኑ ተጀመረ። አቶ ዳምጤም የሞተውን አሮጌ ማሽን ሊጠግኑት ለራሳቸው ወስደው የራሳቸውን ሰጧት።

በሳምንቱ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የሌላ ቢሮ ሾፌር የሆነው ኪየር መኪናውን እያጠበ የአቶ ዳምጤን አነጋገር ሲያስመስል ሰው በሳቅ ፈረሰ። አኬሎ ዓሣ ልትገዛ ቆማ ነበር። ዓሣውን ትታ መጥታ ፊቱ ተገተረች።

"ስማ! እኛ እንሰድባቸዋለን፤ አብረናቸው እንሠራለን። አንተ ማን ነህ?"