ጣሪያ የማይወደው ክቡር ሳተላይት

የቆመበትን ቦታ እግሩ እየረገጠው፣ ዓይኑ እያየው፣ «እስቲ ቆይ፣ የት እንዳለን ልይ» ብሎ ስልኩን የሚያወጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ ንገሩኝና ዝውውር ልጠይቅ። እኛ ዘንድ ያለው የዚህ ዘር አውራ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን ክቡር ሳተላይት ነው።

ሥራችን የከተማውን የውሃ ቆጣሪዎች ካርታ ላይ ማስፈር ነው። እሱ ቦታን በሳተላይት የሚለካውን ጂፒኤስ ይይዛል፣ እኔ ጥላውን። ጥላው ለእኛ እንዳይመስላችሁ! ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳትወድቅ ነው፤ እኔማ ልቃጠል፣ ማን ከቁብ ቆጥሮኝ። በር እናንኳኳለን፣ ቆጣሪው አጠገብ እንቆማለን፣ መሣሪያው «ስህተቴ ከሦስት ሜትር አይበልጥም» እስኪል እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንመዘግባለን።

ሌላው ባለሙያ አምስት ሜትር ካየ ይበቃዋል። ክቡርነታቸው ግን ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ይቆማሉ። «አይዟችሁ፣ እየመጡ ነው» ይላሉ። የሚመጡት ሳተላይቶቹ ናቸው። አንድ ቀን ዳቦ ቤት በር ላይ እንዲህ ሲቆም፣ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

«ምንድን ነው የሚታየው ልጄ?» አሉት አንዲት እናት።

«አይታዩም እማማ፤ ግን አሉ። ከላይ ሆነው ያዩናል» አላቸው በትሕትና። ሴትዮዋ ዳቦውን ትተው እብስ አሉ።

ጣሪያ ደግሞ የደም ጠላቱ ነው። ሻይ ጠጡ የሚለን ቤት አናጣም፤ እሱ ግን ከደጅ ሆኖ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣሪያ ሥር ሳተላይት አይገባም» ይላል። ሳተላይቱ ካልገባ እሱም አይገባም። መሣሪያው አንዴ ከተቋረጠ እንደገና እስኪይዝለት ያለው ጣጣ ያንገበግበዋል። ስለዚህ ምሳችንን ደረጃ ላይ እንበላለን፣ ሻያችንን አጥር ሥር እንጠጣለን፣ ዝናቡንም እንደመጣ እንቀበለዋለን።

ታዲያ ይህ ሰው፣ አንድ ቆጣሪ ሁለቴ የመዘገበን እንደ ሌባ የሚያይ ሰው፣ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሲደርስ ጉድ ሆነ። መስኮቷ ሥር የስፌት መኪናዋን እያንቀጫቀጨች ለብቻዋ የምትስቅ ልጅ ናት። መጀመሪያ ቀን ስህተቱ ቶሎ ወደ ሦስት ሜትር ወረደልን፤ መዝግበን ሄድን። በማግስቱ ክቡርነታቸው «ያቺ ቆጣሪ አላማረችኝም» አሉ። ተመለስን። ሌላ ቀን «ግድግዳው ሲግናሉን እያንጸባረቀ ነው» አሉ። ተመለስን። ደግሞ ሌላ ቀን «ዛሬ ደመና የለም፣ አያምልጠን» አሉ። ሳተላይት ለደመና ደንታ እንደሌለው ያስተማረኝ ማን ሆነና!

አለቃችን ካርታውን ሲከፍት ክው አለ። «ምነው እዚች በር ላይ ቆጣሪ እንደ ጉንዳን ፈላ?»

«ግድግዳው ያንጸባርቃል ጌታዬ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ምን ዋጋ አለው፣ ሰፈሩ አለቀ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከተማው ማዶ ተመደብን፤ እዚያ ሆኖ ወደ እሷ በር የሚያመላልስ ሰበብ ከየት ይመጣል? አርብ ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«ዛሬ ካልነገርካት ቀረ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳተላይቶቹን ጠይቃቸው!»

በሯ ላይ ቆመ። ክንዱን ዘረጋ። እኔ ጥላዬን ይዣለሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመና ብቅ አለች።

«ዛሬስ ስንት ሜትር ደረሰ?»

«ሁለት» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ከዚህ... ከዚህ በታች አይወርድም።»

«እሰይ፣ ቆጣሪዬ ተገኘቻ!» ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ታዲያ ፀሐይ ላይ ምን ይገትርሃል? ሻይ አፍልቻለሁ፤ ግባ እንጂ።»

አለቀልን አልኩ በልቤ። አፉ ሲከፈት አየሁ፤ ያቺ የተረገመች «ጣሪያ ሥር» ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። በክርኔ ጎኑን ልለው ስል መሣሪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ መሣሪያውን አየ። ከዚያ አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ በሥራ ሰዓት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አጠፋው። እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ጎንበስ ብሎ ገባ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ከውስጥ እሷ ስትስቅ ይሰማኛል፤ እሱም ለካ መሳቅ ይችላል። እንዴት እንደምወደው ያወቅኩት ያኔ ነው። ጥላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ላይ ዘርግቼ፣ የጠፋ ጂፒኤስ ታቅፌ፣ ጥርሴን መክደን አቅቶኝ በሩን እጠብቃለሁ።

አንድ መንገደኛ ቆም አለ። «ወንድም፣ ምን ትጠብቃለህ?»

የጠፋውን መሣሪያ ወደ ሰማይ ከፍ አደረግኩት። «ሳተላይቶቹን» አልኩት። «ዛሬ ትንሽ ይቆያሉ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አብሮኝ መጠበቅ ጀመረ።