በሰሃራ በረሃ ላይ የጠገብነው ጥጋብ

ሐበሻን የሚገድለው ረሃብ አይደለም፤ «በልቻለሁ» ማለት ነው! አትቆጡኝ... እኔ ራሴ ከሞት የተረፍኩት ለጥቂት ነው።

የኮልፌ እድርተኞች ተሰባስበን ሞሮኮን ልንጎበኝ ሄድን። ካዛብላንካንና ማራካሽን በሰላም ጨረስን። ከተማ ውስጥ ማን ይግደረደራል? ሆቴል ነው፣ ሰሃን ይዞ መሰለፍ ነው። የእድራችን የወጥ ቤት አዛዥ እትዬ ዘነበች እንኳን ሁለቴ ሲሰለፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉዳችን የፈላው በረሃ ስንገባ ነው።

ከማለዳ ጀምሮ ግመል ላይ ስንንገጫገጭ ቆይተን እኩለ ቀን ላይ አንድ ድንኳን ደረስን። አንጀታችን ታጥፏል። ባለድንኳኑ ሽማግሌ ኩስኩስ የሚሉትን የስንዴ ምግባቸውን በትሪ ሙሉ ይዘው ብቅ አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲበላው ተብሎ ሥጋ አልገባበትም፤ ዱባው፣ ካሮቱ፣ ሽምብራው... ኧረ ሽታው! አስተርጓሚያችን ጅዳ ሠርቶ የተመለሰው ጎረቤቴ ሸምሱ ነው።

«ብሉ ይላሉ» አለን ምራቁን እየዋጠ።

ምን ያልን ይመስላችኋል?

«አይ፣ አይቸገሩ! አሁን በልተን ነው የመጣነው!»

በአንድ ድምፅ! እኔ እጄ ወደ ትሪው ሲሄድ እትዬ ዘነበች ጭኔን ቆነጠጡኝ።

«ተረጋጋ! ገና አንዴ ነው የጠየቁን። ይለምኑናል።»

እውነታቸውን ነው። እኛ ሰፈር አንዴ ተጠይቆ የሚበላ ሰው ወሬው አስኮ ድረስ ይሰማል። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመኑን። አመኑን እኮ! እንዲህ ያለ ጭካኔ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትሪው ሄደ።

«ሸምሱ፣ ርቦናል በላቸው እንጂ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እኔ? አሁን ጠግበናል ያልኩበት አፍ ሳይደርቅ? እርስዎ በምልክት ይንገሯቸው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ሆዴን እያሻሸሁ ልለምን?»

ይህን ስንባባል ሽማግሌው ትሪውን ይዘው ተመለሱ።

«ትንሽ እንኳን አትቀምሱም?»

ልቤ ዘለለች። ምላሳችን ግን ቀደመን፤ «ኧረ በጭራሽ! ሆዳችን ሊፈነዳ ነው!»

ሦስተኛው ላይ እሺ ልንል ነበር... «በሞቴ» ቢሉንማ ትሪውንም አንተውላቸውም። ሦስተኛ የሚባል ነገር ግን አልመጣም። ኩስኩሱ ግመል ነጂዎቹ ፊት ቀረበ። እነሱ ደግሞ አንዴ እንኳን አልተለመኑም፤ እጃቸውን ታጥበው ጥርግ አደረጉት። እኛ የእያንዳንዱን ጉርሻ መንገድ በዓይናችን ሸኘን።

ስንሰናበት ሽማግሌው እየሳቁ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሸምሱን ከበብነው።

«ምን አሉ?»

«ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ በቴሌቪዥን የሚወራው ለካ ውሸት ነው፤ እንደናንተ የጠገበ ሰው አይቼ አላውቅም ነው የሚሉት።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው በረሃብ ነጥቷል።

«ተመስገን! ያገራችንን ስም አደስን» አሉ።

እኛም ሆዳችንን ይዘን ኮራን።