ለሐኪሙ የሚታይ ፈገግታ

ሥርዓት የሚወድ ሰው መከራው የሚጀምረው ሁሉንም ነገር ቦታ ቦታው አስይዞ ከጨረሰ በኋላ ነው። መጻሕፍቱን በቁመታቸው ይደረድራል፤ ሰሐኖቹን በስፋታቸው ይደራርባል፤ የጠረጴዛውን ልብስ አራት ማዕዘን እኩል እስኪንጠለጠል ድረስ ይጎትታል። ያን ሁሉ አሳምሮ እጁን ሊታጠብ ወደ መስተዋት ሲጠጋ፣ ማንም ሳያማክረው የተሠራ አንድ ሥራ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። የራሱ ፊት ነው። እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ጠዋት አይታችሁታል፤ አይታችሁም ዝም ብላችሁ ወጥታችኋል። ምን ታደርጋላችሁ?

በፊት ላይ ካሉት ጎረቤታሞች ሁሉ ደግሞ እንደ አፍንጫና እንደ አፍ የተጨናነቀ የለም። እዚህ ሰበታ ሁለት ባለ መሬቶች በድንበር ቢጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ድንጋይ ይተከላል፤ ካልሆነም ከፍርድ ቤት ይደረሳል። አፍንጫ ድንበር አልፎ ወደ አፍ ሲወርድ ግን ለማን አቤት ይባላል?

የእኔ አፍንጫ ዝም ስል ጨዋ ነው። ችግሩ ስስቅ ነው። ፈገግ ስል ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላይኛው ከንፈሬ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ የሱሉልታዋ አክስቴ ናቸው። በልጅነቴ ለበዓል እሳቸው ዘንድ ሄጄ በአንድ ነገር ከት ብዬ ስስቅ፣ በተሰበሰበው ዘመድ ፊት፣ «እዩዋት፣ እዩዋት! አፍንጫዋ ውኃ ሊጠጣ ወረደ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ።

ከዚያ ወዲህ ሳልሸፍን ስቄ አላውቅም። አገራችን ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር መሸሸጊያ ቀድማ አዘጋጅታ ኖሯል፤ ሴት ልጅ ስትስቅ አፏን ከሸፈነች ጭምት ናት፣ የጨዋ ልጅ ናት፣ እናቷ ይባረኩ ይባልላታል። እኔ አፍንጫዬን ስደብቅ ሰው አስተዳደጌን ያደንቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ተምሬ፣ ሰበታ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ይኸው ዝናዬ ከሻንጣዬ ቀድሞ ደረሰ። ማንም ያላመሰገነልኝ በጎነት አንድ ሁለት አይጠፋኝም፤ የተመሰገንሁት ግን በሌለኝ ነው።

የተሸፈነ ሳቅ ያደክማል። ሁለት እጁ ሥራ የያዘ ሰው ሲቀልዱለት ምን ያድርግ? የልብ ጓደኛዬ ስታገባ ሚዜዋ ነበርሁ። የቬሎዋን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ስከተላት አጃቢዎቹ ቀልድ ጀመሩ፤ እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬቱን አየሁ። «በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ ታኮርፊብኝ?» ብላ ተቀየመችኝ። እስከ ዛሬ ቂሟ አልወጣም። በሰው ደስታ ላይ ያኮረፈ ፊት ይዤ መዞር የመረረኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ሰው በሰው ፊት መሳቅ ተመኘሁ።

በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የፊት ኦፐራሲዮን የሚሠሩ የውጭ አገር ሐኪም መጥተዋል ሲባል የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሄድሁ። ተራ የሚጠብቀው እሳት ያቃጠለው፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደው ነው። ከሰልፈኛው ሁሉ የእኔ ችግር ትንሹ እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ። ትንሽነቱ ግን አላቀለለልኝም፤ ኀፍረት ጨመረበት እንጂ።

ሐኪሙ አዛውንት ናቸው። በጣታቸው የአፍንጫዬን ጫፍ ከፍ አድርገው አዩና፣ ጫፉን ወደ ታች የምትጎትት ትንሽ ጡንቻ እንዳለች፣ እሷ ብትቆረጥ ፈገግታዬ ነጻ እንደሚወጣ አስረዱኝ። ፈገግታ ነጻ ይወጣል! ለካስ እስር ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነበረ። «እስቲ ፈገግ በይ» አሉኝ። ፈገግ አልሁ፤ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ደረሰ። እጄን ይዘው አወረዱት፤ ፈገግታውም አብሮ ወረደ። ደጋግመው ሞከሩና፣ «እየሳቅሽ ፎቶ ተነሥተሽ አምጪልኝ፤ ያላየሁትን አልቆርጥም» አሉ። እሳቸው ከፋሲካ በኋላ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ጾሙ ደግሞ ተጋምሷል።

የሰበታው ፎቶ አንሺ ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ። ሐይቅና አውሮፕላን ከተሳለበት መጋረጃ ፊት አስቀመጡኝ፣ አገጬን አቀኑ፣ «ቆፍጠን በይ!» ብለው ጥቁር ጨርቃቸው ውስጥ ገቡ።

«እየሳቅሁ ነው የምነሣው» አልኋቸው።

ጨርቁን ገፍፈው ወጡ። «ምን ተገኝቶ?»

«ለሐኪም የሚታይ ነው፣ ጋሽ ወርቅነህ።»

«ሐኪም የታመመ እንጂ የሳቀ ምን ያደርግለታል?» ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የጃንሆይ ሥዕል አመለከቱ። «እሳቸው ይስቃሉ?»

«አይስቁም።»

«ስሚኝ ልጄ፣ ፎቶ ለዛሬ አይደለም። በዚህ ከተማ ለቅሶ ላይ የሚወጣው ፎቶ ሁሉ በዚህ ካሜራ የተነሣ ነው። እናትሽ ፎቶሽን ታቅፈው ደረት ሲመቱ፣ አንቺ ጥርስሽን ገልፍጠሽ ልታያቸው? ‹ወርቅነህ ነው ያነሣት› ተብዬ ልሰደብልሽ?»

«አልሞትሁም እኮ!»

«እነሱም ሲነሡ አልሞቱም ነበር።»

ቆፍጠን ብዬ ተነሣሁ። ፎቶው በጣም ያምራል። ለቅሶዬ ላይ አላሳፍርም።

እንግዲህ የማያውቁኝ አገር መሄድ ነበረብኝ። በቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ዳር፣ በገበያ ቀን ድንኳን ተክሎ ፎቶ የሚያነሣ ዘመናይ ወጣት አለ ብለውኝ ሄድሁ። ይህኛው ሳቅ አይከለክልም። «በደንብ ሳቂ፣ እኅቴ!» ብሎ ካሜራውን ደገነ። የታዘዘ ሳቅ አይመጣም። እሱ ሳቂ ይላል፤ እኔ ጥርሴን አሳያለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ኦቦ ደገፋና ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። ኦቦ ደገፋ በቅሏቸውን እየጎተቱ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ወጣቱ ደነገጠ።

«ኦቦ፣ በቅሎዋ ውጭ ትቆይ! እዚህ የሚነሣው ሰው ነው።»

«እኔን ብቻ ብታነሣኝ ማን ያውቀኛል?» አሉ ኦቦ ደገፋ። «አገሩ የሚያውቀው እሷን ነው። ‹የበቅሎዋ ሰውዬ› ነው የሚለኝ።»

ከልቤ ሳቅሁ። ካሜራው ቀጭ አለ። እጄ ግን ከካሜራው ቀድሞ ነበር።

አዴ ጫልቱ ይህን ሲያዩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽን ማን ሰረቀሽ?» ብለው ሁለቱን እጆቼን ጉልበቴ ላይ ጥፍር አድርገው ያዙ። «በል አንሣት! እኔ ይዤልሃለሁ!» ባላቸው ከበቅሎዋ ኋላ ሆነው የበቅሎዋን ጆሮ እያንቀሳቀሱ ሊያስቁኝ ሞከሩ። ወጣቱ «ሳቂ!» እያለ ጮኸ። የገበያው ሰው ድንኳኑን ከበበ። ያን ሁሉ ደግ ሰው እያየሁ፣ እጄ እንደ ተያዘ፣ ፊቴ ደርቆ ቀረ። ካሜራው ይህንንም አነሣው።

ከቡራዩ የመጡት ፎቶዎች ሁለት ናቸው። በአንደኛው አንድ እጅና ከበላዩ ሁለት የሚስቁ ዓይኖች ይታያሉ። በሁለተኛው አንዲት ሴት በአንዲት ባልቴት እጅ ተይዛ፣ እንደ ተከሰሰ ሰው ፍርዷን ትጠብቃለች።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ የተማርሁበት ዘዴ ብቻ ነበር። አስቸጋሪ ነገር ሲገጥም በየክፍሉ መለየት፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ማጥናት፣ ኋላ መልሶ መገጣጠም። በየጠዋቱ መስተዋት ፊት ቆሜ ፈገግታን ፈታታሁት፤ የከንፈር ጠርዝ እዚህ፣ ጉንጭ እዚያ፣ የዓይን ሽፋን እንዲህ። እጄን ከወገቤ ጋር በመቀነት አሰርሁት። እጄም እያደር ሥርዓት ያዘ፤ ተፈቶ እንኳ መነሣቱን ተወ። ሰዓት ፈትታችሁ ታውቁ እንደ ሆነ ግን የቀረውን አልነግራችሁም። ክፍሎቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ አንድም የጎደለ የለም፤ ሰዓቱ ግን አይሠራም።

በሰሙነ ሕማማት ሐኪሙ ዘንድ ቀረብሁ። ፎቶዎቹን አይተው ወደ ጎን አስቀመጧቸውና «እስቲ አሁን» አሉኝ። ገጣጠምሁት። እጄ አልተነሣም። ዙሪያዬን እየዞሩ፣ ብርሃን እያቀረቡ፣ ጎንበስ እያሉ ለረጅም ጊዜ መረመሩኝ። ከዚያ ፊታቸው በደስታ በራ። አፍንጫዬ አይወርድም አሉኝ! ያን ቀን ተሳስተው ኖሯል፤ የሚቆረጥ ነገር የለም። ምሥራች ያበሠሩኝ መስሏቸው እጄን ጨብጠው መልካም በዓል ተመኙልኝ። እውነታቸውን ነው፤ አፍንጫዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አያውቅም። የሚያወርደው ሳቅ ከፊቴ ጠፍቷል።

ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት አንዲት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ትሠራ ነበር። ጥያቄው አንድ ገበሬ ስንት በሬ እንደ ቀረው ነው። ልጅቱ ደክማ ደክማ ያገኘችው ሁለት በሬ ተኩል ነው። «ሚስ፣ ተኩሉን ለቅርጫ አስገብቶት ነው!» አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሴቶቹ ልጆች በሙሉ፣ አፍንጫቸው ምንም እንከን የማይወጣለት ልጆች፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ከማን እንደ ተማሩት የሚጠይቅ አልነበረም።

«እጃችሁን አውርዱ» አልኋቸው።

አወረዱ። ያ ሁሉ ጥርስ፣ ያ ሁሉ የሚያምር ፊት ተገለጠ። ከዚያም ማንኛውም ተማሪ እንደሚያደርገው፣ አስተማሪያቸው እየሳቀች እንደ ሆነ ለማወቅ ፊቴን አዩ። እኔ እኮ እየሳቅሁ ነበር። በውስጤ፣ ከልቤ እየሳቅሁ ነበር። እነሱ ግን አንድ በአንድ አፋቸውን ገጠሙ፣ ደብተራቸውን ገለጡ። ሰሌዳው ዘንድ የቆመችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ተኩሉን በሬ ማጥፋት ጀመረች።

በእጄ እሸፍን በነበረ ጊዜ ቢያንስ መሳቄን ያውቁ ነበር።