ድስት የጋራ፣ አፍ የግል

በየቤተሰቡ አንድ የማንኪያ ጠባቂ አለ። ሰዎች ከአንድ ድስት ሊበሉ በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ሰው ጭልፋ ይዞ ከኋላቸው ይቆማል። ሳል ከሰማ ፊቱን ያዞራል፤ ብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ካየ ፊቱ ይጠቁራል፤ ማንም ሳይሾመው የአፋችንን ድንበር ያስከብራል። እኛም እንስቅበታለን። ባንስቅበት ኖሮ እንቀየመው ነበር።

የእኛ ቤት ጠባቂ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ፒልናም ነበረች። ባለፈው መኸር አረፈች። በሕይወት ሳለች ከጀርባዋ የምንጠራት «ክብርት የማንኪያና የብርጭቆ ሚኒስትር» ብለን ነበር፤ ሰምታ እንደሆነ ግን እንጃ። ሰምታም ቢሆን ሹመቱን የምትቀበል ይመስለኛል።

በኮሪያ የመኸር በዓል፣ በቹሶክ፣ ዘመድ ሁሉ የወደብ ከተማችን ጉንሳን ይሰበሰባል። እናቴ የሚንተከተከውን የአኩሪ አተር ወጥ ከነድስቱ ገበታው መሃል ስታስቀምጥ ማንኪያዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነሣሉ። ክብርነታቸው ይህን ጊዜ ከወጥ ቤት ብቅ ይላሉ።

«ተዉ! መልሱ ማንኪያችሁን! ድስት የጋራ፣ አፍ የግል!»

«እትዬ፣ እኔና አንቺ እኮ አንድ ጡት ነው የጠባነው» ይላታል አባቴ፣ ማንኪያው አየር ላይ እንደቀረ።

«አብረን ነው እንዴ የጠባነው? እኔ ጨርሼ ከተነሣሁ በኋላ ነው አንተ የመጣኸው። ሳህንህን አምጣ!»

አንድ ጊዜ የአባቴ አለቃ ቤታችን መጣ። ሰውዬው ሞቅ ሲለው ሶጁውን፣ ያንን የአገራችንን አረቄ፣ ጨለጠና ብርጭቆውን እንደገና አስሞልቶ ለአክስቴ ዘረጋላት። ጠጥታ ብርጭቆውን መመለስ ነበረባት፤ ወጉ ይኸው ነው። አክስቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ዞር ብላ ጠጣች። ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዘች ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ሲፈላ ሰማን። የሚጠብቀው አለቃ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ አባቴ ስለ አየሩ ጠባይ እያወራ ብዙ ቆየን። አክስቴ ስትመለስ ብርጭቆው ይጨስ ነበር።

«ይኸው ጌታዬ፣ እንደ አዲስ ነው» አለች።

አለቃው ጣቱ ተቃጠለ። አባቴ በዚያ ዓመት እድገት አላገኘም፤ እስከ ዛሬም በብርጭቆው ያሳብባል።

በበዓሉ ገበታ ለሁላችንም ቀድታ ስትጨርስ የራሷን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ከማጠቢያው አጠገብ ባለች ትንሽ ገበታ ላይ ብቻዋን ትበላለች። ዘመዶች «ኩራት ነው፤ ተጸይፋን ነው» ይላሉ። እኔ ሰው ፊት መብላት የማፍር ልጅ ስለነበርኩ ከትልቁ ገበታ ሸሽቼ እሷ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ሌሎቹ የማያዩትን አይ ነበር። ሳህን ሲነሣ መጀመሪያ የምታነሣው የራሷን ማንኪያ ነው። የሁላችንንም ማንኪያ ትቀቅላለች፤ የራሷን ግን ለብቻው፣ ከሁሉም አስረዝማ።

የምትፈራው እኛን አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው አንድያ ልጇ ሴሮም ገና ሕፃን ሳለች ነው። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ልትቀጠር ሄደች፤ ደሟ ተመረመረ። ጉበቷ ውስጥ ቫይረስ ተገኘ። አልታመመችም፤ ዓይኗ ቢጫ አልሆነም፤ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሳጥን ዓሣ በአንድ ጊዜ ታነሣ ነበር። ቢሆንም «ምግብ የሚነካ እጅ አይደለም» ብለው መለሷት። በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ የጉበት በሽታ በማንኪያና በብርጭቆ ይተላለፋል ይል ነበር። አክስቴ ቤቷ ገባች፣ የልጇን ማንኪያ ከራሷ ማንኪያ ለየች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ማንኪያዎች አንድ ድስት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

ሴሮም ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከእናቷ ጋር ከአንድ ድስት መብላት።

«እማ፣ ካንቺ ልቅመስ።»

«ያንቺ አለልሽ አይደል?»

«ያንቺ ይጣፍጣል።»

«ካንድ ድስት ነው የወጣው።»

«ታዲያ ለምን ካንድ ድስት አንበላም?»

አክስቴ ይህን ጊዜ እሳቱን ልታይ ትነሣለች። እሳቱ ደህና ነው፤ ከጠፋ ቆይቷል።

ሴሮም ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ልትገባ ስትል እሷም ተመረመረች። እሷም ተገኘባት። አክስቴ ያን ሰሞን እንደ ፖሊስ ሆነች። ያመለጠችውን ማንኪያ ፍለጋ በየዘመዱ ቤት ዞረች። «ልጄ እናንተ ዘንድ ስታድር ከእኔ ሳህን የተረፈ አቅምሳችኋታል?» ትላለች። ማንም አላቀመሳትም። በመጨረሻ ጥፋተኛዋን ራሷ አገኘቻት፤ ሴሮም በኩፍኝ ተኝታ በነበረች ጊዜ ትኩስ ሾርባ እሷው እፍ ብላ፣ በከንፈሯ ሞክራ ያጎረሰቻት አንዲት ማንኪያ። «ያቺ ናት» አለች። ፍርዱንም ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ለልጇ ምግብ ማቅረብ እንጂ አብራት መቀመጥ እንኳ ተወች።

ሴሮም ምንም አላለችም። እኔ ያን ዝምታ ቅያሜ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ሴሮም አገባች፣ አረገዘች። ለሕፃኑ ምን እንደሚደረግ ሐኪሟን ልትጠይቅ ስትሄድ አክስቴ «እኔም ልጠይቅ የምፈልገው አለ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች። የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ወጣትና ደግ ሴት ናት፤ አክስቴን «እናቴ» እያለች ታስረዳት ጀመር።

«ይሄ ቫይረስ የሚሉት ነገር ብቻውን ምንም አይችልም። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይተነፍስም። የጉበት ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ባለቤቱን አዝዞ ራሱን ያስቀዳል። አንዱ እልፍ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሰው ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል።»

አክስቴ እጇን ጭኗ ላይ እንዳጣጠፈች ታዳምጣለች።

«አይበላም?» አለች።

«አይበላም፣ እናቴ።»

«ታዲያ ከማንኪያ ምን ይፈልጋል?»

ሐኪሟ ሳቀች። «ምንም! በማንኪያ አይተላለፍም እኮ። አብሮ በመብላት የሚይዝ በሽታ አይደለም።»

አክስቴ አልሳቀችም። «ልጄን በምን ያዛት?»

«እማ፣ ይበቃል፣ እንሂድ» አለች ሴሮም፣ ቦርሳዋን አንሥታ።

ሐኪሟ የሴሮምን ዓይን አላየችም። «አብዛኛውን ጊዜ በወሊድ ነው፤ በእናት ደም። ያኔ ክትባቱ ለሁሉም አይደርስም ነበር። አሁን ግን ሕፃኑ እንደተወለደ ሁለት መርፌ እንሰጠዋለን፤ አንዱ ተዘጋጅቶ ያለቀ መከላከያ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሰውነቱ የራሱን መከላከያ እንዲሠራ የሚያስተምረው። ቫይረሱ ሳይደላደል እንቀድመዋለን። አይስጉ፣ እናቴ።»

ስንመለስ፣ ድልድዩን ካለፍን በኋላ አክስቴ ከኋላ ወንበር፣

«ታውቂ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተመረመርኩ ጊዜ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንኪያውን በነጻ ባሰናብተው ማን ሊታሰር ነው፣ እማ?»

አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጭቃማው የባሕር ዳርቻ፣ ውሃው የሸሸባቸው ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተው ያልፋሉ። «እንግዲያ አብሬሽ ብበላም ባልበላም ያው ነበር» አለች።

«ያው ነበር።»

ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ምሳና እራት ስታስብ ከፊት ሆኜም ይሰማኝ ነበር።

ሕፃኗ ተወለደች፤ መርፌዎቿንም ተወጋች። አክስቴ የአራስ ሾርባውን፣ ያንን የባሕር ሣር ሾርባ፣ በየቀኑ ሠርታ በር ላይ ትሰጠኛለች እንጂ አትገባም። ሕፃኗ አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል ተመረመረች፤ ነጻ ናት። ሴሮም ደውላ ስትነግራት ስልኩ ውስጥ የተሰማን የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር። አክስቴ ልታለቅስ ስትል ቧንቧ ትከፍታለች።

አወቀች፣ አመነች፤ ግን አልተለወጠችም። አሁንም ሳህን ትለያለች፣ አሁንም ጀርባዋን ሰጥታን ትበላለች። ድምፁን አጥፍቶ የኖረው ነገር ያን ጊዜ ድምፁን አሰማ። የጉበት ካንሰር ነው ተባለ፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። ሆስፒታል አልተኛም ብላ ቤቷ ተኛች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴሮም የሩዝ አጥሚት ሠርታ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባች። እኔም አልጋው አጠገብ ነበርኩ። አንድ ማንኪያ ብቻ አለ።

«የኔ ማንኪያስ?» አለች አክስቴ።

«ይኸው።»

«ያንቺስ?»

«ይኸው እሱ ነው።»

«ቀልድሽን ተይና ከመሳቢያው አምጪ።»

«መሳቢያው ባዶ ነው።»

«ምን ዓይነት ሌባ ነው ማንኪያ የሚሰርቅ?»

«እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ጭልፋውንም ጭምር።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ጎረቤት ሩጪና አንድ ማንኪያ ተዋሺልኝ።»

በሕይወቴ አክስቴን እምቢ ብያት አላውቅም። ተነሣሁ። መልሼ ተቀመጥኩ።

«ጎረቤቶች የሉም፣ አክስቴ» አልኩ። የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው አልፎ ይጮኻል።

«ሴረኞች!»

ሴሮም አንድ ጊዜ ቀመሰች። ከዚያ ማንኪያውን ሞልታ ወደ እናቷ አፍ አቀረበች። አክስቴ እንደ ሕፃን ከንፈሯን ገጠመች።

«ሴሮም፣ አውቃለሁ እኮ። ሐኪሟ የነገረችን ገብቶኛል። እጄ ነው እምቢ የሚለኝ።»

«እጅሽን ማን አስቸገረው? አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች። ቀስ ብላ ዋጠች። ቧንቧው ሩቅ ነበርና እንባዋ እያየናት ወረደ።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«በዝቶበታል፣ እማ።»

አክስቴ ማንኪያውን ከልጇ እጅ ወሰደች። ቀዳች፣ እፍ አለችበት፣ በከንፈሯ ሙቀቱን ሞከረች፣ አጎረሰቻት። የልጅ እናት የሆነችው ሴሮም እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፍታ ተቀበለች። አንዴ አንዷ፣ አንዴ ሌላዋ እየጎረሱ ሳህኑ ሊያልቅ ደረሰ። እኔ ጥጌን ይዤ፣ እንደ ልማዴ ተቀምጫለሁ።

አክስቴ ከሳህኑ ጥግ የቀረውን ጠራርጋ ማንኪያው ላይ ሰበሰበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ፣ አፍሽን አምጪ።»

ሄጄ አልጋው ሥር ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ። በእውነትም ጨው በዝቶበት ነበር።